ቲቸር፣ ጋዝ እኮ ፈሳሽ ነው

መምህርቷ ሰሌዳው ላይ ሦስት ቃላት ጻፈች፤ ጠጣር፣ ፈሳሽ፣ ጋዝ። የጠመኔውን ብናኝ ከእጇ አራገፈችና ወደ ልጆቹ ዞረች። «የጠጣር ምሳሌ?» ድንጋይ፣ ወንበር፣ ላጲስ። «የፈሳሽስ?» ውኃ፣ ወተት፣ ዘይት። እስከዚህ ድረስ ክፍሉ እየተቀባበለ ነው የሚሄደው። «የጋዝ ምሳሌስ ማን ይነግረኛል?» ስትል ጣቶች ተቀሰሩ። «ቲቸር እኔ! ቲቸር እኔ!» ከመስኮቱ አጠገብ የተቀመጠ ልጅ ዕድሉ ደረሰውና ብድግ አለ።

«ነጭ ጋዝ!»

ማንም አልሳቀም። የሚያስቅ ነገር አልነበረማ። አዲስ አበባ ውስጥ ባለ አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት፣ 4ኛ ክፍል፣ የአካባቢ ሳይንስ ክፍለ ጊዜ ላይ ነን። መምህርቷ «ተሳስተሃል፣ ተቀመጥ» ማለት ትችል ነበር። እሷ ግን ጠመኔውን አስቀምጣ ወደ ልጁ ተጠጋች።

«ነጭ ጋዝ ቤታችሁ በምን ይመጣል?»

«በጀሪካን።»

«ምድጃው ላይ ስትጨምሩት ምን ይሆናል?»

«ይፈሳል።»

«የሚፈስ ነገር ከሦስቱ የትኛው ነው?»

ልጁ ሰሌዳውን አየ፣ እሷን አየ፣ እንደገና ሰሌዳውን አየ። «ቲቸር» አለ በመጨረሻ፣ ድምፁ ውስጥ ትንሽ ቅሬታ እየተሰማ፣ «ጋዝ እኮ ፈሳሽ ነው።»

ልጁ የተናገረው እውነት ነው። አገሬው ነጭ ጋዝ የሚለው ኬሮሲን ነው፤ በፋኖስና በኩራዝ ሲነድ፣ በጋዝ ምድጃ ወጥ ሲያበስል የኖረ፣ በሊትር የሚሸጥ፣ ሲደፋ ምንጣፍ የሚያበላሽ ፈሳሽ። ሲሊንደር ያለው ቤት የሚያድግ ልጅ ደግሞ ከዚህ የባሰ ማስረጃ አለው። ሲሊንደሩን ሲወዘውዙት ውስጡ የሚንቦጫረቅ ነገር ይሰማል። በእርግጥም በከፍተኛ ግፊት ስለታመቀ እዚያ ውስጥ ያለው ጋዝ አብዛኛው ፈሳሽ ሆኖ ነው የተቀመጠው። ቫልቩ ተከፍቶ ግፊቱ ሲቀንስ ነው ወደ ጋዝነት የሚመለሰው። እንግዲህ አንድ የዘጠኝ ወይም የአሥር ዓመት ልጅ ባየው፣ በሰማው፣ በነካው ሁሉ ጋዝ ፈሳሽ ነው። ሰሌዳው ብቻ አይደለም ይላል።

ስለ ሳይንስ ቃላት ስናወራ ጣታችንን የምንቀስረው ብዙ ጊዜ እንግዳዎቹ ላይ ነው። ፎቶሲንተሲስ፣ ክሎሮፊል፣ ማይክሮስኮፕ፣ ባክቴሪያ። ወላጅ «ይኼ ሁሉ ለሕፃን ይከብዳል» ይላል፤ መምህርም ይስማማል። እኔ ግን ክፍል ውስጥ ቁጭ ብዬ ባየሁት መጠን ልጆች ከእንግዳ ቃል ጋር ብዙም አይጣሉም። እንግዳ ቃል ባዶ እጁን ስለሚመጣ የሰጡትን ትርጉም ይዞ ይቀመጣል። የሚያስቸግረው የራሱን ትርጉም ተሸክሞ የመጣው፣ ልጁ ከቤቱ የሚያውቀው ቃል ነው። ይህን ያስተዋለ ሌላም አለ። ብሪታንያ ውስጥ ካስልስና ጆንስተን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ1970ዎቹና 80ዎቹ (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) በሺህ የሚቆጠሩ ተማሪዎችን ፈትነው የደረሱበት ይኸው ነበር። በእንግሊዝኛ አፋቸውን የፈቱ ልጆች በእንግሊዝኛ ሳይንስ ሲማሩ በብዛት የሚሰናከሉት በሳይንሱ የራሱ ቃላት አልነበረም። በየቀኑ በሚሰሟቸውና ሳይንስ ክፍል ሲገቡ ትርጉማቸውን በሚቀይሩ ተራ ቃላት ነበር።

የእኛዎቹን ብንቆጥር አያልቁም። እንስሳ በሉ። መጽሐፉ ንብም እንስሳ ናት፣ የምድር ትልም እንስሳ ነው፣ ሰውም እንስሳ ነው ይላል። ልጁ ቤት ግን እንስሳ ማለት ከብት ነው፤ ሰው ላይ ሲውል ደግሞ ስድብ ነው። ነፍሳት በሉ። መጽሐፉ ውስጥ ስድስት እግር ያላቸው ናቸው፤ እሑድ ጠዋት ከአያቷ ጋር ቤተ ክርስቲያን የምትሄድ ልጅ ግን ስለ ነፍሳት የሰማችው ሌላ ነገር ነው። ሙቀት በሉ። አንድ ሲኒ የፈላ ቡና ከአንድ በርሜል ለብ ያለ ውኃ የበለጠ ይፋጃል፤ በርሜሉ ውስጥ ያለው የሙቀት ጉልበት ግን ከሲኒው እጅግ ይበልጣል። ለመጀመሪያው መጽሐፉ መጠነ ሙቀት የሚል ስም አበጅቶለታል፣ ቤት ውስጥ ግን ሁለቱም ሙቀት ናቸው። ሥራማ አይነሳ። በፊዚክስ ሕግ ሌሊቱን ሙሉ በሩ ላይ ቆሞ ያደረ ዘበኛ ምንም ሥራ አልሠራም፤ የገፋው ነገር ከቦታው አልተንቀሳቀሰማ። ይህን ለዘበኛው ሄዶ የሚነግር ልጅ ቢገኝ መልሱን መስማት እፈልጋለሁ።

ጋዝ የሚለው ቃል ራሱ ከእነዚህ ሁሉ የተለየ ታሪክ አለው። የብዙ ቃል አባት አይታወቅም፣ የዚህ ግን ይታወቃል። ብራስልስ የተወለደው ሐኪምና ተመራማሪ ያን ባፕቲስት ቫን ሄልሞንት በ17ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ፣ ከግሪኩ «ካኦስ» (ቅርጽ አልባ፣ ዝብርቅርቅ) ተነስቶ ፈጠረው። ከእሱ በፊት አየር አየር ነበር፣ አንድ ዓይነት ብቻ። ቫን ሄልሞንት ግን 62 ፓውንድ ከሰል አቃጥሎ የቀረው አመድ 1 ፓውንድ ብቻ መሆኑን ሲያይ ቀሪው 61 ፓውንድ የት ሄደ ብሎ ጠየቀ። የማይታይ፣ በዕቃ የማይያዝ ነገር ሆኖ ወጥቷል ማለት ነው። ስም ያስፈልገው ነበርና ስም አወጣለት። ለአንደኛው ዓይነት ደግሞ ለብቻው «የዱር ጋዝ» አለው። ይኸው የዱር ጋዝ ወይን ሲፈላም እንደሚወጣ አስተዋለ። ዛሬ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የምንለው ነው።

ቅደም ተከተሉን ልብ በሉልኝ። ሰውየው መጀመሪያ ከሰሉን መዘነ፣ አመዱን መዘነ፣ ጎደሎውን አየ፣ ግራ ተጋባ። ቃሉ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እኛ ክፍል ውስጥ የምናደርገው ግልባጩን ነው። ቃሉን ከነትርጉሙ ሰሌዳ ላይ እንጽፋለን፣ ልጁ ደብተሩ ላይ ይገለብጣል፣ ለፈተና ይሸመድዳል። ግራ የተጋባበት ነገር ስለሌለ ቃሉ የሚፈታለት እንቆቅልሽም የለም።

እንቆቅልሹ ግን ሩቅ አይደለም። ከትምህርት ቤቱ አጥር ወጥቶ መንገዱን ተሻግሮ የመጀመሪያው ቤት ማእድ ቤት ውስጥ፣ ክዳኑ ገርበብ ባለ ባልዲ ቁጭ ብሏል።

እዚያ ቤት የገባሁት የአንዷ ተማሪ አያት ሲጋግሩ ለማየት ነው። ሊጡ ከተቦካ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ላዩ ላይ ያቀረረውን ቢጫማ ውኃ፣ እርሾውን፣ ቀስ ብለው አጠለሉና ትንሽ ለሚቀጥለው ቡኮ በጣሳ አስቀሩ። ከሊጡ ጥቂት ቀንሰው በፈላ ውኃ እያማሰሉ አበሰሉት፤ አብሲት መጣል ይሉታል። ሲበርድለት መልሰው ከሊጡ ቀላቀሉት። ከዚያ እስኪነሳ ጠበቅን። አንድ ሰዓት ያህል ከቆየ በኋላ የባልዲው ከንፈር ላይ ደርሶ፣ ላዩ በትናንሽ ፊኛዎች ተሸፍኖ፣ ቁልቁል ሲያዩት የሚንቀሳቀስ ይመስላል።

«እማማ፣ ለምንድነው ኩፍ የሚለው?» አልኳቸው።

«ይተነፍሳላ!» አሉኝ፣ እንዲህ ያለ ነገር ይጠየቃል ወይ በሚል ዓይን እያዩኝ። «ሊጥ ነፍስ አለው እኮ ልጄ። ሲበርደው ይተኛል፤ ክረምት ላይ አንድ ቀን ካልጨመርክለት አይነቃልህም።»

ማይክሮስኮፕ ያለው ሰው ከዚህ የሚለየው በዝርዝሩ ነው። እርሾው ውስጥ እጅግ ብዙ እርሾ ፈንገሶችና የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች አሉ። በዱቄቱ ውስጥ ያለውን ስኳርና ስታርች እየበሉ ከሚያስወጡት አንዱ አሲድ ነው፤ እንጀራው የሚኮመጥጠው በእሱ ነው። ሌላው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ሊጡን ኩፍ የሚያደርገው እሱ ነው። አብሲቱ የበሰለ ስታርች በመሆኑ ለፈንገሶቹ የቀለለ ምግብ ይሆናል፣ ሊጡንም አወፍሮ ጋዙ ቶሎ እንዳያመልጥ ያግዛል። ሊጡ በጋለ ምጣድ ላይ ሲፈስ ውስጡ የታመቀው ጋዝ ከእንፋሎቱ ጋር ወደ ላይ ይወጣል፣ የወጣበትም ቦታ ሁሉ ቀዳዳ ሆኖ ይቀራል። የእንጀራ ዓይን ማለት የጋዝ ዱካ ነው። ብርድ ሲሆን ጥቃቅኖቹ ሥራቸውን ስለሚያቀዘቅዙ ክረምት ላይ ቀን ይጨመራል። አያትየዋ ያሉት ሁሉ ትክክል ነው፣ ቃሉ ብቻ ነው የተለየው።

አክንባሎው ሲነሳ እንፋሎቱ ፊታችንን መታው። የልጅ ልጃቸው ትኩሱን እንጀራ ወደ ብርሃን ከፍ አድርጋ በዓይኖቹ አሾልካ አየችን። ይህን እንጀራ በሳምንት ስንት ጊዜ የምትበላ ልጅ የጋዝ ምሳሌ ስትጠየቅ እንደ ልጁ ነጭ ጋዝ ብትል የእሷ ጥፋት አይደለም።

መምህርቷ በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ያደረገችው ይህን ነው። ባዶ የሃይላንድ ፕላስቲክ ውስጥ እርሾ፣ ትንሽ ስኳር፣ ዱቄትና ለብ ያለ ውኃ ጨመረች፤ አፉ ላይ የልደት ፊኛ ገጠመች፤ ፀሐይ የሚገባበት መስኮት ላይ አስቀመጠችው። ምንም አላብራራችም፤ ሒሳብ ማስተማር ቀጠለች። ፊኛው መጀመሪያ ተንጠልጥሎ ቆየ፣ ቆይቶ ቀና አለ፣ ሒሳቡ ሳያልቅ እንደ ቡጢ ሆኖ ቆመ። ሒሳቡን ማንም አልሰማም። «ማን ነፋው?» አለች አንዲት ልጅ። ነጭ ጋዝ ያለው ልጅ ተነስቶ ፊኛውን ጫን ጫን አደረገ። «ውስጡ ምንም የለም፣ ግን አለ» አለ። ጋዝ ለሚባለው ነገር ከዚህ የተሻለ ትርጉም በመጽሐፉ ውስጥ አላየሁም።

ይህ የቃል ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ብዙ ባላስጨነቀን። በብርድ ሌሊት በሩንና መስኮቱን ዘግቶ የከሰል ማንደጃ ውስጥ አስገብቶ የሚተኛ ቤተሰብ አለ። ከሰሉ አየር ሲያጥረው የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም፣ አይሸትም፣ ሰው ግን ይገድላል። ጭሱ አልቆ ፍሙ ከቀላ አደጋ የለም ብሎ የሚያስብ ሰው የማይታይ ነገር መኖሩን ያልተማረ ሰው ነው።

የአማርኛ የሳይንስ ቃላት ራሳቸው ከየት መጡ ያልን እንደሆነ፣ ብዙዎቹ በዕድሜ ወጣት ናቸው። በ1950ዎቹ አጋማሽ አማርኛ እስከ 6ኛ ክፍል የማስተማሪያ ቋንቋ ሲሆን መጽሐፍ አዘጋጆቹ በእንግሊዝኛ የተማሩትን ሳይንስ በአማርኛ የሚጽፉበት ቃል ፍለጋ ገቡ። በ1964 ዓ.ም. የአማርኛ ቋንቋ አካዳሚ ተቋቋመ፣ ከአብዮቱ በኋላ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ ተባለ፣ ከሥራዎቹም አንዱ የሳይንስና የቴክኖሎጂ ቃላትን መተርጎም ሆነ። የዚያ ልፋት ውጤት የሆነው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት በ1980ዎቹ መጨረሻ ታተመ። ተርጓሚዎቹ ሲቸግራቸው የሄዱት ወደ ግዕዝ ነው። ሕዋስ፣ ውህድ፣ ደቂቅ ዘአካላት፣ ካርቦን ክልቶኦክሳይድ፣ ብርሃን አስተፃምሮ የዚያ መንገድ ልጆች ናቸው። አንዳንዴ ደግሞ ገጠር ወርደው ደንደሴና ገበሎ አስተኔን ይዘው ተመልሰዋል።

በእነዚህ ቃላት መሳቅ የተለመደ ነው፤ የከተማ ወላጅ በተለይ «ብርሃን አስተፃምሮ» ሲባል ፊቱን ያኮሳትራል። እኔ ከተርጓሚዎቹ ጎን ነኝ። ገበሎን የሚያውቅ ልጅ «ገበሎ አስተኔ» ሲባል ገበሎ የሚመስሉትን እባብና ኤሊን፣ አዞንም ይዞ ይመጣል፤ ቃሉ ግማሹን ትምህርት አስተምሮታል። ንጥር ቅቤ የሚያውቅ ልጅ ንጥረ ነገር ማለት ሌላው ሁሉ ከላዩ የተወገደለት ነገር እንደሆነ ማስረዳት አይከብድም። ፅምረት ማለት አንድነት መሆኑን የሚያውቅም «አስተፃምሮ» የማጣመር ወገን መሆኑን ይደርስበታል። ችግሩ ይህን ድልድይ የሚያሻግር ሰው መጥፋቱ ነው። መጽሐፉ ቃሉን አድምቆ ይጽፍና ወደሚቀጥለው ያልፋል።

ደግሞም ፎቶሲንተሲስ ለእንግሊዞቹም ቢሆን ከሰማይ የወረደ ቃል አይደለም። በ1893 (እ.ኤ.አ.) ቻርልስ ባርነስ የተባለ አሜሪካዊ የዕፅዋት ተመራማሪ ከግሪክ ቃላት ገጣጥሞ ካቀረባቸው ሁለት አማራጮች አንዱ ነው፤ እሱ ራሱ የወደደው ሌላኛውን፣ «ፎቶሲንታክስ»ን ነበር። የሥራ ባልደረቦቹ ሳይቀበሉት ቀሩ። ስለዚህ አዲስ አበባም ሆነ አሜሪካ፣ ቃሉ ሰው ቁጭ ብሎ የሠራው ነው።

አሁን ወደዚያው ወደ ቫን ሄልሞንት ልመለስ፤ ሰውየው ገና አልተጨረሰም። ጋዝን የሰየመው ይህ ሰው ሌላም ሙከራ አድርጓል፣ የልጆች ሳይንስ መጽሐፍ ሁሉ ሊጀምርበት የሚገባ ሙከራ። በምድጃ የደረቀ 200 ፓውንድ አፈር በትልቅ ገንዳ አደረገ። 5 ፓውንድ የሚመዝን የአኻያ ችግኝ ተከለበት። አምስት ዓመት ሙሉ ከዝናብ ውኃና ከተጣራ ውኃ በቀር ምንም አልጨመረበትም። አምስት ዓመት ሲሞላው ዛፉን ነቅሎ መዘነው፤ 169 ፓውንድ ከ3 አውንስ። አፈሩን አድርቆ መዘነው፤ የጎደለው 2 አውንስ ያህል ብቻ ነው።

ይህን ታሪክ ለክፍሉ ነገርናቸው፤ ቁጥሮቹን መምህርቷ ሰሌዳው ላይ ጻፈች። «ታዲያ ይኼ ሁሉ እንጨት ከየት መጣ?» ከዚያች ሰዓት በፊት «ብርሃን አስተፃምሮ ምንድን ነው?» ብላቸው በአንድ ድምፅ የተሸመደደውን ያወርዱላት ነበር፦ አረንጓዴ ዕፅዋት በፀሐይ ብርሃን ምግባቸውን የሚያዘጋጁበት ሂደት። አሁን ግን «ከአፈር» ብለው ጀመሩና ቁጥሩን ሲያዩ አፈገፈጉ። «ከውኃ» አለ አንዱ። ቫን ሄልሞንትም ያለው ይህንኑ ነው። «ከፀሐይ» አለች ሌላዋ። ያ ሁሉ የተሸመደደ ትርጉም አልረዳቸውም። እንዴት ይርዳቸው? «ምግብ ማዘጋጀት» ለልጅ ወጥ መሥራት ነው። እንጨቱ ራሱ፣ ቅርፊቱ፣ ሥሩ፣ ከዚያ «ምግብ» የተሠራ መሆኑን ማን ነገራቸው?

መልሱ ያ የማይታየው ጋዝ ነው። ደረቅ እንጨት በክብደቱ ግማሽ ያህሉ ካርቦን ነው፣ ያም ካርቦን በቅጠሉ ቀዳዳ የገባው አየር ውስጥ ካለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተወሰደ ነው። ከአየሩ የእሱ ድርሻ ከመቶ 0.04 ገደማ ብቻ ነው፣ ግን ጫካ ሁሉ ከእሱ ይሠራል። ቫን ሄልሞንት የዱር ጋዙን ከሚነደው ከሰል ሲወጣ አግኝቶታል፣ ስምም ሰጥቶታል። ከሰሉ የእንጨት ልጅ ነው። እንጨቱ ሲነድ የሚወጣው ጋዝ እንጨቱ ሲያድግ የገባው ጋዝ መሆኑን ግን አላየም፤ ውኃ ብሎ አለፈ። ዕፅዋት አየሩን እንደሚለውጡ፣ ለዚያም ብርሃን እንደሚያስፈልጋቸው እነ ፕሪስትሊና ኢንገንሀውስ የተባሉ ተመራማሪዎች እስኪያሳዩ ከመቶ ዓመት በላይ አለፈ። ካርቦኑ የዛፉ አካል እንደሚሆን በሚዛን ያረጋገጠው ደ ሶስየር ደግሞ በ1804 (እ.ኤ.አ.) ነው። የቃሉ ፈጣሪ ራሱ ቃሉን ይዞ ነገሩን ከሳተው፣ የ4ኛ ክፍል ልጅ ቃሉን ስለያዘ ብቻ ነገሩን ያውቃል ብለን ማርክ መስጠታችን ያስገርማል።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን አንድ ቃል ነው፤ ክረምት። በእኛ አቆጣጠር ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ነው፤ ዝናብ፣ ጭቃ፣ ደመና፣ ትምህርት ቤት የሚዘጋበት። ከዚያ መፀው፣ በጋና ፀደይ ይከተላሉ። የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላቱ ግን «ዊንተር» ለሚለው ክረምት ይላል፤ «ሰመር» በጋ ይሆናል። ልጁ 7ኛ ክፍል ደርሶ በእንግሊዝኛ ሲማር ክረምት በረዶ የሚወርድበት፣ ቀኑ የሚያጥርበት ወቅት ሆኖ ይመጣበታል፣ ወሩም ታኅሣሥና ጥር። ታኅሣሥና ጥር ላይ ደግሞ እሱ የሚያውቀው ጠራራ ፀሐይ ነው። ሌሊቱ ብርድ ነው እንጂ! አዲስ አበባ ላይ ውርጩ የሚብሰው ደመና በሌለበት በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ነው፤ ቀኑ የሚቀዘቅዘው ግን በሐምሌ ነው፣ ደመናው ፀሐይዋን ስለሚከልል። የእኛን ወቅት የሚለየው በዋነኛነት ዝናቡ ነው፣ ዝናቡን የሚያመጣው ደግሞ ፀሐይን ተከትሎ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ የሚመላለሰው የእርጥብ አየር ቀበቶ ነው። የእነሱ ወቅት የሚለየው በሙቀቱና በቀኑ ርዝመት ነው። ሁለት የተለያዩ ነገሮች አንድ ስም ተሰጥቷቸው አንድ ልጅ ጭንቅላት ውስጥ ይገናኛሉ።

በእንግሊዝኛ አፍ የፈታም ከዚህ አይድንም። በ1987 (እ.ኤ.አ.) የተሠራ አንድ ዘጋቢ ፊልም ላይ የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራቂዎች በምረቃቸው ዕለት፣ ካባ እንደለበሱ፣ በጋ ለምን ይሞቃል ተብለው ሲጠየቁ አብዛኞቹ መሬት በበጋ ወደ ፀሐይ ስለምትቀርብ ነው ብለው መለሱ። እውነታው ግልባጩ ነው። መሬት ከፀሐይ እጅግ የምትርቀው በሰኔ መጨረሻ ገደማ፣ እነሱ አገር በጋ ሲሆን ነው። ምክንያቱ የመሬት ዛቢያ ማዘንበሉ ነው። ዛቢያ የሚለውን ቃል ሁሉም ያውቁታል፣ ፈተናም አልፈውበታል።

አዲስ አበባ ውስጥ ሳይንስ እስከ 6ኛ ክፍል በአማርኛ ይሰጣል፤ 7ኛ ላይ ወደ እንግሊዝኛ ይዞራል። ክልሎች የየራሳቸው አሠራር አላቸው፤ የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በአፍ መፍቻ ቋንቋ መማርን ከፈቀደ ወዲህ እስከ 8ኛ ክፍል በራሳቸው ቋንቋ የዘለቁም አሉ። በ1999 ዓ.ም. ትምህርት ሚኒስቴር ያስጠናው፣ ካትሊን ሂዩ የመሩት ጥናት የ8ኛ ክፍል ብሔራዊ የትምህርት ምዘና ውጤቶችን አነጻጽሮ ነበር። ሒሳብንና ሳይንስን እስከ 8ኛ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የተማሩት ቀድመው ወደ እንግሊዝኛ ከዞሩት የተሻለ ውጤት ነበራቸው። ይህን የሚሰማ የአዲስ አበባ ወላጅ ግን ጥቂት ነው፤ ልጁ ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ «ፕላንት» እና «አኒማል» እንዲል ከፍሎ የሚያስተምር ብዙ ነው። እንግሊዝኛውን ማንም አይጠላም። ነገር ግን አንድ ልጅ «ጋዝ» ሲባል ነጭ ጋዝ እያሰበ ወደ 7ኛ ካለፈ፣ «ጋስ» ብሎ በእንግሊዝኛ ሲያነበውም የሚያስበው ያንኑ ጀሪካን ነው። ቋንቋው ተቀየረ እንጂ ሐሳቡ አልተቀየረም። ፈተናው ደግሞ ይህን አያጋልጥም። አዛምድ፣ ባዶ ቦታውን ሙላ፣ እውነት ወይም ሐሰት። ቃሉን ከትርጉሙ ጋር በመስመር ያገናኘ ልጅ ሙሉ ነጥብ ያገኛል፣ ሊጡ ለምን ኩፍ እንደሚል የጠየቀው ማንም የለም።

መምህርቷ ለዚህ ያበጀችው ዘዴ ቀላል ነው። አዲስ ምዕራፍ ከመጀመሯ በፊት የምዕራፉን ዋና ቃል ትሰጣቸውና «ይህ ቃል ቤታችሁ ምን ማለት ነው?» ትላለች። መልሱን ሁሉ፣ ትክክልም ይሁን አይሁን፣ ቡናማ ወረቀት ላይ ጽፋ ግድግዳው ላይ ትለጥፋለች። ምዕራፉ ሲያልቅ ልጆቹ ራሳቸው ተነስተው የመጽሐፉን ከቤታቸው ይለያሉ፤ የቤታቸውን ግን አይሰርዙም። ነጭ ጋዝ አሁንም እዚያው ወረቀት ላይ አለ፤ አጠገቡ በሌላ ቀለም «ስሙ ጋዝ፣ እሱ ፈሳሽ» ተብሎ ተጽፎበታል።

የሄድኩ ዕለት ቀጣዩ ምዕራፍ ኃይል ነበር። አማርኛ ኃይልን፣ ጉልበትንና አቅምን እንዳሻው እያለዋወጠ ስለሚጠቀም መጽሐፍ አዘጋጆቹም ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ አይረጉም፣ ስለዚህ ወረቀቱ በፍጥነት ሞላ። መብራት ኃይል። የአየር ኃይል። የእግዚአብሔር ኃይል። «ኃይለኛ ሰው» አለ አንዱ፣ «ጎረቤታችን» ብሎ ጨመረበት። «ኃይለ ሥላሴ» አለች ሌላዋ። ነጭ ጋዝ ያለው ልጅ ጣቱን ሳይቀስር ቆየ፤ መምህርቷ ስትጠራው መጀመሪያ የጠየቀው የእሱን ጥያቄ ነበር፦ «ቲቸር፣ ይሄኛውስ የሚታይ ነው የማይታይ?»

«እስቲ አንተ ንገረኝ» አለችው፣ ከመሳቢያዋ የልብስ ገመድ እያወጣች። «ከጎንህ ካለው ልጅ ጋር ጫፍና ጫፉን ያዙና ጎትቱ።»